ድንቡሼ ከሏን ስታወልቅ

ይድረስ ለማልረሳህ ለጌታነህ፣

የደብዳቤ ወጉ መጀመሪያ ጤና መጠየቅ ነበር። አንተን ጤናህን ብጠይቅህ ግን ካለህበት ሆነህ እንደምትስቅብኝ ስለማውቅ ዘልዬዋለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከተለየኸኝ እነሆ ዓመት ሞላህ። ዘመኑም ስልሳ ሁለት ገብቷል። ዓመቱ እንዴት አለፈ ብትለኝ ምን እንደምመልስልህ አላውቅም፤ ቀኑ አልመሽ እያለ ዓመቱ ሳላስበው አለቀ።

አልጽፍልህም ብዬ ነበር። ለሞተ ሰው ደብዳቤ ጻፈች ቢባል ሰፈሩ ምን እንደሚለኝ ታውቃለህ። ነገር ግን አንድ ነገር ሠርቻለሁ፤ ይህን ነገር ደግሞ በደብረ ብርሃን ከተማ ከአንተ በቀር ከልቡ የሚደሰትበት ሰው የለም። ሌላው ሰው ጎሽ ብሎኝ ወደ ሥራው ይሄዳል። አንተ ግን ከየት ጀመርሽ፣ ቀጥሎ ምን ፈታሽ፣ ቡሎኑን የት አስቀመጥሽ እያልክ ታደርቀኝ ነበር። እኔም እንደዚያ የሚያደርቀኝ ሰው ስለናፈቀኝ ነው ወረቀት ያነሳሁት። ድንቡሼን አዳንኳት ጌታነህ። በገዛ እጄ ፈትቼ፣ በገዛ እጄ ገጠምኳት።

ምናልባት ይህን ወረቀት ሌላ ሰው ቢያገኘው ግራ እንዳይገባው ልንገረው፤ ድንቡሼ ሰው አይደለችም፣ ላምም አይደለችም። የልብስ ማጠቢያ መኪናችን ናት። ክብ፣ ነጭ፣ በአጫጭር እግሮች የቆመች፣ ክዳኗ ከላይ የሚከፈት ነገር ናት። ስሙን ያወጣህላት አንተ ነህ። ልጅ ባይሰጠን ጊዜ ሰው እንዳይሰማን እየተጠነቀቅን እንደ ልጅ አሞላቀቅናት፤ ይህንንም አሁን ብናገረው አላፍርም።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ላውራህ። ከአጥሩ ጥግ የተከልካቸው ባሕር ዛፎች ቆርቆሮውን አልፈው ሄደዋል፤ ነፋስ ሲነሳ ጣራውን እየጠረጉ እንቅልፍ ይነሱኛል፤ ቅርንጫፋቸውን ላስቆርጥ እላለሁ፣ እጄ ግን አይታዘዝልኝም። ወፍጮ ቤቱ በአንተ ቦታ አንድ ጎልማሳ ቀጥሯል። ሞተሩ ሲነሳ ያስላል፤ አንተ ሳለህ እንዲህ አያስልም ነበር። ሰውየውን ግን አልከፋበትም፣ በመንገድ ሲያገኘኝ ኮፍያውን ያነሳልኛል። እህትህ ዘነበች ደህና ናት። ጉልበቷን ያማታል፣ ምላሷን ግን ምንም አልነካውም።

ድንቡሼ ወደ ቤታችን የመጣችበትን ቀን ታስታውሳለህ? ልብስ አጥብላቸው የነበሩት ፈረንጅ መምህርና ሚስታቸው ወደ አገራቸው ሊመለሱ ጓዛቸውን ሲያስሩ፣ ማጠቢያዋ ቀድማ ሞታ በረንዳ ላይ ተጥላ ነበር። ሴትዮዋ ከፈለግሽ ውሰጂው አለችኝ። እኔ ምን ያደርግልኛል ብዬ ነበር፤ አንተ ነህ ከወፍጮ ቤት እንደወጣህ ዱቄትህን እንኳ ሳታራግፍ ጋሪ ይዘህ የመጣኸው። መንገዱን ሙሉ ፈረሱ ሲደናበር፣ ሰው ሁሉ ከየደጃፉ እየወጣ ሲያይ፣ አንተ አጠገቧ ተቀምጠህ እንደ ሙሽራ አቅፈሃት መጣህ። እኔ በሐፍረት ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ ከኋላ እከተል ነበር።

ስትከፍታት ሕመሟ ቀላል ሆኖ ተገኘ። ሞተሩን መሐሏ ላይ ከቆመው ምሰሶ ጋር የሚያገናኘው ቺንጋ ተበጥሷል። ከወፍጮው አሮጌ ቺንጋ ቆርጠህ፣ በወፍራም ክር ሰፍተህ አሰርክላት። ውሃ በባልዲ ሞላንባት፣ መብራቱ ላይ ሰካሃት፣ ያ ክንፍ ያለው ምሰሶ ልብሱን ወዲያና ወዲህ እያለ ሲንጠው ዘነበች አማተበች። እጥበቱ ሲያልቅ ደግሞ ከሥር ያለው ፖምፓ ቆሻሻውን ውሃ በጎማው ቱቦ እየገፋ ወደ ቦዩ አወጣው። እኔ ዓይኔን ከቱቦው አልነቀልኩም። ከልጅነቴ ጀምሮ በበረዶ ውሃ ስጨምቅ የኖርኩ ሰው ነኝና፣ ውሃው ማንም ሳይጨምቀው ሲወጣ ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር።

ያን ቀን አመሰግንሃለሁ ሳልልህ ቀረሁ። የሰፈሩ ሴቶች ሊያዩ መጥተው ስለነበር አፍሬ ነው። አሁን ልበልህ፤ አመሰግንሃለሁ። ስለ እጆቼ አስበህ እንደነበር አውቃለሁ። የጣቶቼን ስንጥቅ ቅቤ እየቀባህ ስታሽልኝ አንድም ቀን አዝኜልሻለሁ ብለኸኝ አታውቅም፤ ጋሪ ይዘህ መጣህ እንጂ።

ከዚያ በላይ የማመሰግንህ ግን በዚያን ጊዜ እንደ ክፉ ባል ባስቆጠረህ ነገር ነው። መጠገኑን አስተማርከኝ። ለዚያውም በደህና መንገድ ቢሆን ምናለ። ወፍጮ ቤት ውለህ ትመጣና እኔ እራት ሳቀርብ ወደ ጓሮ ሹልክ ብለህ አንዱን ነገሯን ታበላሻታለህ። አንድ ቀን ቺንጋውን ከመዘውሩ ላይ ታወርደዋለህ፣ ሌላ ቀን ቱቦውን ከሥር ታጥፈዋለህ፣ ሌላ ቀን የሽቦውን ጫፍ ታላላዋለህ። በነጋታው ልብስ ልጨምር ስል አልነሳም ትለኛለች። ያን ጊዜ በሩ ላይ እጅህን አጣምረህ ትቆማለህ፤ በይ ሐኪሟ፣ በሽተኛሽ ምን ሆነች ትለኛለህ። ስንት ጊዜ በካቻቢቴው እጀታ ላሯሯጥህ አስቤ ነበር።

መጀመሪያ ከመብራቱ ንቀያት ትላለህ። ከዚያ ውሃው የሚወጣበትን እዪ፣ ከዚያ የሚዞረውን፤ ቡሎን መፍታት መጨረሻ ነው፤ የፈታሽውን ደግሞ በአወጣጡ ጣሳ ውስጥ አስቀምጪ። ጠዋትና ማታ እንደ ዳዊት አስደገምከኝ። የወፍጮ ቤት ባልደረቦችህ ጌታነህ ሚስቱን መካኒክ ሊያደርጋት ነው እያሉ ሲስቁብህ፣ እኔ እዚህ ስውል ድንቡሼን ማን ያስታምምልኛል ብለህ መለስክላቸው አሉ። ይህን የነገረችኝ ዘነበች ናት፤ ለቅሶው ላይ።

ወደ ለቅሶው ልምጣ፤ ነገሩ የተበላሸው እዚያ ነውና። አንተን በቀበርን በሦስተኛው ቀን ሴቶቹ ከል የምንለብሰውን ልብስ ማቅለም ነበረባቸው። እንደ ወጉ ቢሆን ትልቅ ድስት ተጥዶ፣ እሳት ነድዶ፣ ነጠላውና ቀሚሱ እየተገላበጠ ጥቁር ቀለም እስኪጠጣ ድረስ መዋል ነው። ሰፈሩ ሁሉ ወዶሃልና ልብሱን ይዞ የመጣው ሰው ብዙ ነበር። ዘነበች ታዲያ እሳት አንድዶ ማን ይውላል፣ የወንድሜ መኪና እያለች ብላ የፈላ ውሃ በድንቡሼ ውስጥ ገለበጠች። እኔ መደቡ ላይ ፊቴን ተሸፍኜ ተቀምጬ ነበር። ድምፅዋን ስሰማ፣ ያን ወዲያና ወዲህ የሚለውን፣ ለአንድ አፍታ አንተ ጓሮ ያለህ መሰለኝ። ልነሳም ብዬ ነበር። አጠገቤ ያሉት ሴቶች ያዙኝ።

ማቅለሙ ተሳካ። የሰፈሩ ሴት ሁሉ በአንድ ቀን ጠቆረ። ከዚያ በኋላ ግን ውሃው አልወጣ አለ። ሞተሩ ያጉተመትማል፣ ቱቦው ጠብ አያደርግም። ጥቁሩን ውሃ በጣሳ እየቀዱ አውጥተው ክዳኗን ገጠሙባት።

አርባህ ካለፈ በኋላ ወደ ሥራዬ ልመለስ ብዬ የሆቴሉን አንሶላ አስገባሁባት። ውሃው እያንጠባጠበ ወጣ፤ አንሶላው አመድ መስሎ ወጣ። በእንዶድ ብለው፣ በሳሙና ብለው፣ ፀሐይ ላይ ባሰጣው አልነጻም። የሆቴሉ ባለቤት ዘርግታ አየችው፣ አጣጥፋ ወሰደችው፣ ከዚያ ወዲያ አልላከችልኝም። ከሷ በኋላ ሌሎቹም አንድ አንድ እያሉ ቀሩ። በሰፈሩ ደግሞ ወሬ ተነሳ። ጌታዋ ሞቶ ድንቡሼም ከል ለብሳለች፣ ዓመቱ እስኪወጣ አትንኪያት ይሉኝ ነበር። መጀመሪያ ሳቅ አለኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ኋላ ግን ተመቸኝ። አንተ የነካኸውን ቡሎን ያለ አንተ መፍታት አልቻልኩም። ካቻቢቴው ያለበትን ሣጥን መክፈት እንኳ አቅቶኝ ነበር።

እናም አልፎ አልፎ ንጹሕ ውሃ ገልብጬባት ጥቁር ሆኖ ሲወጣ እያየሁ፣ ዓመቱን ሙሉ በገበቴ፣ በእጄ አጠብኩ። ዘንድሮ ውርጩ ቀድሞ ገባ። ጠዋት ባልዲው ላይ የረጋውን በረዶ በድንጋይ ሰብሬ ነው የምጀምረው። ጣቶቼን ቁርጥማት ያዘኝ፤ ቀኝ እጄ ሲብስበት መርፌ ማንሳት እንኳ እምቢ ይለኛል። የቀሩኝ ደንበኞች ጥቂት መምህራን ነበሩ፤ እነሱም የቀሩት አዝነውልኝ ይመስለኛል።

ወንድሜ ቄስ አስፋው የድንቡሼን መታመም ገና ከመነሻው ሰምተዋል። በአርባህ ቀን ከአንኮበር መጥተው ነበር፤ ልብስህን ለነዳያንና ለካህናት ስናካፍል አብረውኝ ቆሙ። ኮትህም ጫማህም ሄደ። ጋቢህን ግን ከሣጥን አላወጣሁትም። አይተውኛል። ይህስ አሉ። ይህ አይታጠብም ገና አልኳቸው። ቄስ ስለሆኑ ሊቆጡኝ ይችሉ ነበር፤ ወንድሜም ስለሆኑ ተዉልኝ። ሲሄዱ ግን አስቀምጠው መከሩኝ። ሴት ብቻዋን በከተማ ምን ታደርጋለች፣ ከቤቴ ጓሮ አንድ ክፍል አለ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ነው፣ ዓመቱ ሲወጣ በቅሎ ይዤ መጥቼ እወስድሻለሁ አሉኝ።

ክፋት የላቸውም፤ አንተም ታውቃቸዋለህ። አንኮበርም የተወለድኩባት ናት፣ አልጠላትም። ግን እዚያ ብሄድ የቄሱ እህት፣ ጓሮ ያለችው መበለት ነው የምባለው። እዚህ የራሴ በር አለኝ፣ በስሜ የሚጠራኝ ደንበኛ አለኝ፣ አንተ የመረግከው ግድግዳ አለኝ። ይህን ሁሉ ለእሳቸው ማስረዳት ስላቃተኝ በድንቡሼ ተደራደርኳቸው። ዓመቱ እስኪሞላ ካልዳነች ሳልከራከር በቅሎዋ ላይ እወጣለሁ፣ ከዳነች ግን እዚሁ ሠርቼ እበላለሁ አልኳቸው። ተስማሙ። ድንቡሼ ትነሳለች ብለው እንዳላመኑ ፊታቸው ይናገር ነበር።

ይኸው ነው ታሪኩ። ሙት ዓመትህ ሲቃረብ፣ በቅሎዋም ስትቃረብ፣ ፈራሁ። አንድ ጠዋት ተነስቼ ሣጥንህን ከፈትኩ። ካቻቢቴው፣ ፒንሳው፣ ያ ቡሎን የምናስቀምጥበት ጣሳ፣ ሁሉም እንዳስቀመጥካቸው ነበሩ። ጣሳውን ታቅፌ ትንሽ አለቀስኩ፤ ከዚያ ንፍጤን ጠርጌ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

ከመብራቱ ነቀልኳት። ውሃው ከሚወጣበት ጀመርኩ። ቱቦውን አውልቄ ጫፉን በአፌ ነፋሁት፤ ጥቁር ነገር ፊቴ ላይ ተረጨብኝ እንጂ የዘጋው ነገር የለም። ድንቡሼ በመጣችበት ዓመት ውርጭ ቱቦው ውስጥ የቀረውን ውሃ በረዶ አድርጎት፣ አንተ በሙቅ ውሃ አቅልጠህ ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ ወደ ቤት ታስገባው እንደነበር ትዝ አለኝ፤ በረዶም አልነበረበትም። ወደ ፖምፓው ሄድኩ። ቡሎኖቹን በአወጣጣቸው ጣሳው ውስጥ ደረደርኩ፤ ስከፍተው ጥቂት ብናኝና አንድ የሸሚዝ ቁልፍ ነው ያገኘሁት። ጠረግኩት፤ በጣቴ ሳዞረው ያለ ችግር ዞረ። ቺንጋው ጠብቋል። የሰፋኸው ክር እንኳ አልላላም።

ገጠምኩና ሞከርኳት። ውሃው እንደ ድሮው በጭንቅ፣ እየቆራረጠ ይወጣል፤ የሚወጣውም ጥቁር ነው። ዓመት ሙሉ ስንት ባልዲ ንጹሕ ውሃ ገልብጬባታለሁ፤ እንዴት እስከ አሁን ይጠቁራል? ዱካዬ ላይ ተቀመጥኩና በእውነት ተቆጣሁህ። ከሞት በኋላ እንኳ አንዱን ነገሯን ሰውረህብኝ፣ የሆነ ቦታ እጅህን አጣምረህ የቆምክ መሰለኝ። ጮክ ብዬም ሰደብኩህ፤ ጎረቤት ሰምቶ ይሆናል።

ቁጣው ሲበርድልኝ ግን ወፍጮ ቤት ያደረግከው ነገር ትዝ አለኝ። ሞተሩ ዘይት ሲያንጠባጥብ ያ ረዳትህ ዝም ብሎ በጨርቅ ይጠርግ ነበር፤ አንተ ደግሞ መጥረጉን ተውና ከየት እንደሚመጣ ፈልግ ትለው ነበር። እኔም ዓመት ሙሉ ስጠርግ ነበርኩ እንጂ ከየት ይመጣል ብዬ አልጠየቅኩም። ጥቁሩ የሚመጣው ከቀለም ነው፤ ቀለሙን የጨመረችው ደግሞ ዘነበች ናት። ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ እሷ ሄድኩ።

ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ሱፍ ስትፈትል አገኘኋት። ያን ቀን ቀለሙን እንዴት ነው የጨመርሽው አልኳት። እንዴት ይጨመራል፣ በጨርቅ ቋጥሬ ነዋ፣ እንደ ሁልጊዜው አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ዱቄቱ እንዳይጓጉልና ልብሱን እንዳያዥጎረጉር በድስትም ሲሆን በቋጠሮ ነው የሚጨመረው፤ ቀስ እያለ ይሟሟል። እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የማደርገው። በድስት ሲሆን ግን ቋጠሮው በማማሰያው ይወጣል። ቋጠሮውንስ አወጣሽው አልኳት። እንዝርቷ ቆመ። የሟሟ መስሎኝ አለች። ጨርቁም አብሮ ሟሟ አልኳት። አንቺ፣ ወንድሜን ቀብሬ መጥቼ የቋጠሮ ሒሳብ ልያዝ እንዴ ብላ ተቆጣች። ወዲያው ግን ከእኔ ቀድማ ተነስታ ጫማዋን ፈለገች።

ያን ካልሲህን ታስታውሳለህ? አንዱ ጠፍቶ ቤቱን ስታምስ ከርመህ፣ በመጨረሻ ከምሰሶው ሥር ተወሽቆ ያገኘነውን። እኔም መንገድ ላይ እሱን ነበር የማስበው። ቤት እንደደረስን ከምሰሶው አናት ላይ ያለችውን ቆብ አዙሬ አወጣሁ፣ ምሰሶውን ወደ ላይ ሳብኩ፤ እምቢ አለ። ዝጎ ይዟል። አንተ ያኔ እንዳደረግከው በዙሪያው የፈላ ውሃ አፈሰስኩና ጠበቅኩ፤ አሁንም እምቢ። ዘነበች ይህን ጊዜ ጥቁር መቀነቷን ከወገቧ ፈታች። ከክንፎቹ ሥር አዙረን አሰርነውና፣ ሁለት አሮጊቶች፣ እግራችንን ከድንቡሼ ሆድ ላይ ተክለን ጎተትን።

ምሰሶው በአንድ ጊዜ ተነቅሎ ወጣ፤ እኛም በጀርባችን ጭቃው ላይ ተዘረርን። እሱ ዘነበች ጭን ላይ አረፈ። ተያየን። ሳቅ ጀመረኝ። አንተ ከሞትክ ወዲህ እንደዚያ አልሳቅኩም፤ ሆዴን ይዤ፣ መነሳት እስኪያቅተኝ። ዘነበችም አብራኝ ስትስቅ ቆይታ ወደ ለቅሶ ዞረባት። ወንድሜ ይህን ባየ አለች። እኔ ደግሞ ያየኸን መሰለኝና አላለቀስኩም።

ቋጠሮው እዚያው ነበር፤ ልክ ውሃ በሚወጣበት ቀዳዳ አፍ ላይ ተሰንቅሮ። የዱቄት ጆንያ ቁራጭ ነው፤ ውስጡ ያልሟሟ ቀለም ደድሮ እንደ ጉበት ሆኗል። እሱ ነው ውሃውን የሚከለክለው፤ እሱ ነው ውሃ በነካው ቁጥር ትንሽ ትንሽ ጥቁር የሚተፋው። ድንቡሼ ዓመቱን ሙሉ ከሏን በሆዷ ይዛው ነበር። ዘነበች እጇ ላይ አድርጋ አገላብጣ አየችውና ከአጥሩ ጥግ፣ ከባሕር ዛፎችህ ሥር ቆፍራ ቀበረችው።

ከዚያ የፈላ ውሃና እንዶድ እየሞላን፣ እያስናጥን፣ እያወጣን ዋልን። ውሃው ከጥቁር ወደ አመድ፣ ከአመድ ወደ ንጹሕ ሄደ። አንድ ነጭ ጨርቅ አስገባሁ፣ ነጭ ሆኖ ወጣ። ዘነበች በቃ ዳነች አለች። እኔ ግን በጨርቅ አላመንኩም። ለሰው ልብስ ተጠያቂ ከመሆኔ በፊት ትልቅ ነገር አጥቤ ማየት ነበረብኝ፤ በቤቱ ውስጥ ያለው ትልቅ ነጭ ነገር ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

ጋቢህን ከሣጥኑ አወጣሁት። ዓመት ሙሉ ያላጠብኩት ለምን እንደሆነ አንተ ሳልነግርህ ይገባሃል። ናፍጣና ዱቄት፣ የአንተ ጠረን ነበረው። ማታ ማታ ሣጥኑን ከፍቼ አሸተው ነበር። ያን ቀን ፊቴን ቀበርኩበትና ፈለግኩህ፤ የሣጥን ሽታ ብቻ ነበር ያለው። መቼ እንደሄደ አላውቅም። ካልታጠበም እንደሚሄድ አላሰብኩም ነበር። ድንቡሼ ውስጥ አስገባሁት፣ ክዳኗን ዘጋሁ፣ ድምፅዋን እየሰማሁ እጄን እላይዋ ላይ አድርጌ ቆምኩ። ውሃው በቱቦው እየተገፋ ወጣ። ጋቢህ ነጭ ሆኖ ወጣ ጌታነህ። ገመዱ ላይ ስንዘረጋው ነፋሱ ሞላው።

ሙት ዓመትህን በደህና አወጣን። ቅዳሴው ደስ ይል ነበር፣ ዝክሩም ለሁሉ ደረሰ። በነጋታው ከሰዓት በኋላ ወንድሜ በቅሎዋን እየሳቡ ደረሱ፤ ለእኔም የሚሆን ኮርቻ ጭነውባታል። በሩን ሲገቡ ግቢው ሙሉ ነጭ ነበር። ወሬው ወጥቶ የሆቴሉ ባለቤት አንሶላዋን መልሳ ልካልኛለች፤ መምህራኑም ሸሚዛቸውን፤ ገመድ ስላነሰኝ ከባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ሽቦ ወጥሬያለሁ። ቄስ አስፋው በአንሶላዎቹ መሐል እያለፉ ወደ ድንቡሼ መጡና ክዳኗን አንስተው ወደ ውስጥ አዩ። ምን እንደጠበቁ እንጃ። ዘነበች የቋጠሮውን ነገር ልትነግራቸው ጀምራ ሳቋ አላስጨርስ አላት።

ወደ በቅሎዋ ተመልሰው ለእኔ ያመጡትን ኮርቻ ፈቱና መሬት አስቀመጡት። ከዚያ የመንገድ አቧራ የለበሰውን ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው ሰጡኝ። ከቻልሽ ለነገ ይድረስልኝ አሉ። በሕይወቴ ብዙ ቡራኬ ተቀብያለሁ፤ እንደዚያ ያለ ግን የተቀበልኩ አይመስለኝም።

አጠብኩላቸው። የኅዳር ውርጭ ግን ጋቢ በአንድ ሌሊት አያደርቅም። ጠዋት ገመዱ ላይ እንደ ሳንቃ ተገትሮ፣ በረዶ ሆኖ ቆሞ አገኘነው። እሳቸው ደግሞ በጊዜ መነሳት አለባቸው፣ በማግስቱ ቀዳሽ ናቸው። ያን ብርድ በሸሚዝ እንዴት ያልፉታል። ቤት ገብቼ የአንተን አመጣሁ። እጃቸው ላይ ሳደርገው አወቁት፤ ቀና ብለው አዩኝ። ታጥቧል አልኳቸው። ተከናነቡት። በቁመት ትንሽ ይረዝማቸዋል፤ አንተ ረጅም ነበርክና።

ጋቢህ ወደ አንኮበር ሄደ፤ እኔ ቀረሁ። በሩ ላይ ቆሜ ጥምዝማዙ መንገድ ጋ እስኪሰወሩ ድረስ ጋቢውን አየሁት። ከኋላ ሲታይ አካሄዱ ሁሉ የአንተ ይመስል ነበር።

ከሌን ዛሬ አወለቅኩ። በድንቡሼ ግን አላጠብኩትም፣ እንዳትሰጋ፤ በገበቴ፣ በእጄ ነው ያጠብኩት። ከአሁን ወዲያ ልብስ ከመጨመሬ በፊት እጄን ወደ ታች ሰድጄ ከምሰሶው ሥር እዳስሳለሁ። የተሰወረ ነገር እንደሌለ አውቃለሁ። አንድ ቀን ግን ቱቦው ያለ ምክንያት ታጥፎ፣ ቺንጋው ያለ ምክንያት ወርዶ ባገኘው አልቆጣም። ዞር ብዬ በሩን አያለሁ።

ያንተው
አየለች